ያልታከመ ሁሉ መሐይም ነውን?

በዘንድሮው ዓመት የክርክር ማኅበራችን «ከበሽታ ይልቅ መሐይምነት ይገድላል» የሚል አርእስት አቅርቦ ነበር። እኔም አርእስቱን ከሚደግፉት ወገን ስለ ነበርሁ በምሥራቅ ኮንጎ በኢቦላ ያለቀውን ሕዝብ ምሳሌ አድርጌ ተናገርሁ፤ ጭብጨባም አገኘሁ። ቤቴ ገብቼ ስለ ነገሩ ደግሜ ሳነብ ግን የተናገርሁት እኩሌታው ብቻ እውነት ሆኖ ስላገኘሁት የቀረውን ለአንባብያን ማቅረብ ዕዳ ሆነብኝ።

በሽታው በሰሜን ኪቩ መግባቱ የተነገረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ኦገስት 1 ቀን 2018 ነው። ጁን 25 ቀን 2020 ጠፋ እስከ ተባለ ድረስ ከታመሙት 3,470 ሰዎች 2,287ቱ ሞቱ። ይህም የሆነው መከላከያ ክትባት ተገኝቶ ከ300,000 የሚበልጥ ሰው በተከተበበት ጊዜ ነው። ታዲያ ይህ ሁሉ ሰው ስለ ምን አለቀ?

እኔ በክርክሩ «ሕዝቡ ከሐኪም ስለ ሸሸ ነው» አልሁ። በርግጥም ብዙዎች ሸሽተዋል። የኢቦላ ሬሳ እጅግ የሚያስተላልፍ ስለሆነ ዘመድ ዘመዱን አጥቦ እንዳይቀብር ተከለከለ፤ ፊታቸው የተሸፈነ እንግዶች መጥተው በላስቲክ ከረጢት ከተው ይቀብሩት ጀመር። እናቱን በእጁ ገንዞ መቅበር ለለመደ ሰው ይህ ምን ያህል እንደሚመር ለአገራችን ሰው ማስረዳት አያሻም።

ሳልናገር የቀረሁት ግን ይህ ነው። በቤኒ አካባቢ ታጣቂዎች ከ2014 ጀምሮ ሰላማዊውን ሰው በገጀራ ሲፈጁት ኖረዋል፤ ሰላም አስከባሪ ጦር ቢኖርም ግድያው አልቆመም። በ2019 ደግሞ ኩፍኝ በአገሪቱ ብዙ ሺህ ሕፃናት ሲገድል ይህን ያህል መኪና አልተሰለፈም። ሕዝቡ «ስንታረድ የት ነበራችሁ?» ብሎ ቢጠይቅ መሐይም ያሰኘዋልን? በዚህ ላይ በዲሴምበር 2018 የምርጫ ኮሚሽኑ ኢቦላንና ጸጥታውን ምክንያት አድርጎ በቤኒና በቡቴምቦ ምርጫውን አዘገየ፤ ሌላው አገር ግን መረጠ። መዘግየቱ በተነገረ ማግሥት ቤኒ ውስጥ ተቃዋሚዎች የበሽተኞች ማቆያውን አጠቁ።

ሐኪም መግደልን ደግፌ አይደለም። ካሜሩናዊው ዶክተር ሪሻር ሙዞኮ ሊያድን ሄዶ ኤፕሪል 19 ቀን 2019 በቡቴምቦ ሆስፒታል ተገደለ፤ ይህ በምንም አይሰረይም። ስለዚህም «ሐኪሙ ዘበኛ ያስፈልገዋል» የሚለውን የጓደኛዬን ክርክር አልንቅም። ነገር ግን ሐኪሙን መጠበቅ ሌላ፥ በሽተኛውን በወታደር ማስገደድ ሌላ ነው። የድንበር የለሽ ሐኪሞች ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበሩት ዶክተር ጆአን ሊዩም በማርች 2019 ይህንኑ የኃይል አሠራር ነቅፈዋል፤ የማኅበራቸው ሁለት ማከሚያዎች በካትዋና በቡቴምቦ የተቃጠሉት ከዚያ በፊት ባለው ወር ነበር።

በኋላ የረዳው ነገር ቀላል ነበር ለማለት አልደፍርም፤ ሆኖም ቤኒ ውስጥ ቤተ ዘመድ በሽተኛውን እያየ የሚያነጋግርበት፥ ግድግዳው ብርሃን የሚያሳልፍ ክፍል ተሠራ። ከበሽታው የዳኑ ሴቶችም እናታቸው የተኛችባቸውን ሕፃናት አቅፈው ያሳድሩ ነበር፤ ጎረቤቱ ያመነው እነዚህን ነው።

አርእስቱ ለመጪው ዓመት እንደ ገና ከቀረበ በተቃዋሚው ወገን እንድቆም ሊቀመንበሩን አስቀድሜ ለምኛለሁ።