ፊርማ የሌለው አንድምታ

በበረራ መዝገቤ ውስጥ አንዱ ከሌላው ሥር የተጻፉ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አሉ። ሁለቱንም የጻፉት መምህሬ ናቸው። የሚመሰክሩትም አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም አውሮፕላን እየተሽከረከረ ወደ ምድር መውረድ ሲጀምር (በሙያው ቋንቋ «ስፒን» ይባላል) ወደዚያ እንዴት እንደሚገባና ከዚያ እንዴት እንደሚወጣ ለሌላ ሰው ማስተማር እንደምችል ነው። በመካከላቸው 19 ቀናት አሉ። የግጥምና የልቦለድ ወዳጆች በሚገናኙበት ገጽ ላይ የአብራሪዎችን የወረቀት ጣጣ ማንሣቴ ግር ያሰኝ ይሆናል። ነገሩ ግን ከክንፍ ይልቅ የንባብ ነገር ነው።

እዚህ አሜሪካ የበረራ አስተማሪ ለመሆን የሚሻ ሰው የሚተዳደርበት ሕግ የፌዴራል አቪዬሽን ደንብ ክፍል 61 ነው። መጽሐፉ ለሁሉም አንድ ነው። አስፈጻሚው የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ግን በየግዛቱ ከ70 በላይ የአካባቢ ጽሕፈት ቤቶች አሉት። ለብዙ ዓመታት የአስተማሪነትን የመጀመሪያ ፈተና የሚሻ ሁሉ አስቀድሞ የሚያመለክተው ለአካባቢው ጽሕፈት ቤት ነበር። ፈተናው በአብራሪዎች ዘንድ ከሁሉ የከበደ ነው ይባላል። ስፒንን መለማመድ ለግልም ሆነ ለንግድ አብራሪ ግዴታ አይደለም፤ በአውሮፕላን ለሚያስተምር ግን ግዴታ ነው። ያንን መማሩንና ማስተማር መቻሉን የሚያረጋግጥ ጽሑፍ ከመምህሩ ፊርማ ጋር በመዝገቡ ላይ መስፈር አለበት።

እኔ የቀረብሁት እ.ኤ.አ. በ2016 ነበር። በሰዓት የተከራየሁትን አውሮፕላን አቁሜ፣ መጻሕፍቴን በሁለት ሻንጣ ተሸክሜ ገባሁ። መርማሪው ትሑት ሰው ነበር፤ ቡና አቀረበልኝ። ከዚያ መዝገቤን ገልጦ ያችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ደጋግሞ አነበባት።

«ይህ የሰርኩላሩ ቃል አይደለም» አለኝ።

ሰርኩላር ያለው ቁጥር 61-65 የተሰጠውን የምክር ሰነድ ነው። አስተማሪዎች ለተማሪዎቻቸው የሚጽፏቸው ማረጋገጫዎች ናሙና ተዘርዝሮበታል። ናሙና ነው እንጂ ሕግ አይደለም፤ ሁሉንም ቃል በቃል መገልበጥ የግድ እንዳልሆነ ሰነዱ ራሱ ይናገራል። መምህሬ ዕድሜያቸውን በጦር አውሮፕላን ላይ ያሳለፉ፣ ቃል የማያባክኑ ሰው ናቸው። ፍሬ ነገሩን ሁሉ ይዘው በራሳቸው አነጋገር አሳጥረው ጽፈውታል። ይህንኑ አስረዳሁ።

«ገብቶኛል፤ በዚህ ቢሮ ግን የምንቀበለው ቃል በቃል ሲሆን ነው።»

የት እንደ ተጻፈ ጠየቅሁት። አልተጻፈም። እንግዲያስ እምቢታውን በአንድ መስመር ጽፎ እንዲሰጠኝ ለመንሁት። ፈተናው ስላልተጀመረ የሚጻፍ ነገር የለም አለኝ። ከአንድ ወር በፊት አንድ ባልንጀራዬ በእኒያው መምህር እጅ፣ በእነዚያው ቃላት የተጻፈ ማረጋገጫ ይዞ በሌላ ግዛት ጽሕፈት ቤት ቀርቦ ነበር። የነካው የለም፤ አልፎ ተመለሰ።

መርማሪውን ክፉ ነው አልልም። ቀድሞ በአደጋ ምርመራ ላይ ሠርቷል፤ ከሞተ ተማሪ መዝገብ ላይ አስተማሪው ምን ማለቱ እንደ ነበር መለየት አቅቶት ያደረበትን ቀን ነገረኝ። ይህ በቂ ምክንያት ነው። ታዲያ ይህን የመሰለ ምክንያት ያለው ንባብ ወረቀት ለምን ይፈራል?

አንድን ቃል በብዙ መንገድ ማንበብ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የግእዙን ንባብ አስቀድሞ፣ «አንድም» እያለ ትርጓሜን በትርጓሜ ላይ የሚደርብ የጉባኤ ቤት ባህል አለን። የላይ ቤትና የታች ቤት በአተረጓጎም ሲለያዩ ኖረዋል። ነገር ግን ልዩነቱ የተሰወረ አይደለም፤ የትኛው የየትኛው ቤት እንደ ሆነ ይታወቃል፤ ልዩነቱ ራሱ የትምህርቱ ክፍል ሆኖ ይወረሳል። የአቪዬሽኑ ጽሕፈት ቤቶችም በየራሳቸው ቤት ናቸው ማለት ይቻላል። አንድምታቸው ግን ከደጃፋቸው ሳይደርሱ አይሰማም፤ ከተመለሱ በኋላም የሚጠቀስ ባለቤት የለውም።

የአንድ ቅር የተሰኘ ሰው ምሬት እንዳይመስል፣ የአሜሪካ ምክር ቤት የኦዲት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ዘገባ የደንብ አተረጓጎም መለያየት የቆየ ችግር መሆኑን የዘርፉ ሰዎች እንደ ተናገሩ መዝግቧል። ምክር ቤቱም በ2012 ሕግ ጉዳዩ እንዲጠና አዘዘ፤ በ2018 ደግሞ እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች የሚቀርቡለት ቦርድ እንዲቋቋም ደነገገ። የአስተዳደሩ ዋና የሕግ አማካሪ ቢሮም ለጻፈለት ሰው የደንቡን ፍች በደብዳቤ ይመልሳል። ደግ ነው። የአውሮፕላን ኪራይ እየቆጠረ ለቆመ ሰው ግን ሩቅ ነው።

የተጻፈ ንባብም ይሳሳታል፤ ሲሳሳት ግን ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2020 አስተዳደሩ ፍሎሪዳ ውስጥ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ፒ-40 ተዋጊ አውሮፕላን በክፍያ ያስተምር የነበረን ድርጅት አስቆመ። ክርክሩ የከረረው ሰውን በክፍያ ማጓጓዝ ምን ማለት ነው በሚለው ላይ ነበር። ከፍሎ የሚማር ተማሪ እንደ ተሳፋሪ ይቆጠራል? አስተዳደሩ ራሱ አስተማሪ የሚከፈለው ለማስተማሩ እንጂ ለማብረሩ አይደለም ሲል ኖሯል። ፍርድ ቤቱ በኤፕሪል 2021 ለአስተዳደሩ ፈረደ። በጁላይ አስተዳደሩ ንባቡን አስፍቶ አወጣ፤ በገዛ እጃቸው በሠሩት አውሮፕላን ለመማር አስተማሪ የሚቀጥሩ ሰዎች እንኳ ልዩ የፈቃድ ደብዳቤ እንዲያወጡ ተጠየቁ። አብራሪዎች ተቆጡ፤ ማኅበሮቻቸው ተሟገቱ፤ በዲሴምበር 2022 ምክር ቤቱ ያንን ግዴታ በሕግ አነሣው። ሁለት ዓመት ያህል ፈጀ። ንባቡ ባይታተም ኖሮ ግን የሚሞገት ነገር ባልኖረ ነበር።

አስተማሪ ከሆንሁ ወዲህ ነገሩ ይበልጥ ይከነክነኛል። ተማሪ ብቻውን ከመነሣቱ በፊት በመዝገቡ ላይ እፈርማለሁ፤ ፊርማዬ ለ90 ቀን ይጸናል። ስሜን፣ ቀኑን፣ የምስክር ወረቀቴን ቁጥር እጽፋለሁ፤ ለማን እንደ ፈረምሁ የሚያሳየውን መዝገብ 3 ዓመት እንድይዝም ደንቡ ያዝዘኛል። ልጁ ከመሬት ሲለቅ በማኮብኮቢያው ዳር ቆሜ ሬዲዮ አዳምጣለሁ፤ እስኪያርፍ ድረስ እጄን ምን እንደማደርገው አላውቅም። ቢሳሳት ከሚጠየቁት አንዱ እኔ ነኝ፤ እንዲህ መሆኑም ይገባል። «ይችላል» የሚለው ሰው ይህን ያህል ከተጻፈበት «አይሆንም» የሚለው ለምን በአፍ ብቻ ይቀራል?

ያልተጻፈ እምቢታ ሰፊ ቤት ነው፤ ማንንም ያስተናግዳል። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ለኢትዮጵያ የበረረው፣ እ.ኤ.አ. በ1944 ተመልሶ ወጣቶቻችንን በረራ ያስተማረው ጥቁር አሜሪካዊ ጆን ሮቢንሰን፣ በቺካጎ የአቪዬሽን ትምህርት ቤት ተማሪ መሆን ተከልክሎ በጽዳት ሠራተኛነት ገብቶ ትምህርቱን ከኋላ ይሰማ እንደ ነበር ይተረካል። የእኔን ጥቂት ቀናት ከእሱ ጋር ማወዳደር ነውር ነው። ቢሆንም ስለ ጽሕፈት ቤቱ ባሰብሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ከዲሴምበር 1 ቀን 2024 ወዲህ በአስተማሪ የምስክር ወረቀት ላይ ይሰፍር የነበረው የ24 ወር ማብቂያ ቀን ቀርቷል፤ በየ24 ወሩ ሥራ ላይ መሆንን ማሳየት ግን አልቀረም። እኔ የምሻው ከዚህ ያነሰ ነው። አመልካችን የሚመልስ መርማሪ የትኛውን አንቀጽ እንዳነበበ፣ እንዴት እንዳነበበው፣ ስሙንም ጨምሮ በሦስት መስመር ይጻፍ። ባልንጀራዬ ባለፈበት ቢሮና እኔ በተመለስሁበት ቢሮ መካከል ያለው ልዩነት ያን ጊዜ ለሚያርመው አካል ይታያል።

መምህሬ ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ከሰርኩላሩ ቃል በቃል እየገለበጡ ሲጽፉ ምንም አላሉም። የመጀመሪያውን ግን አልሰረዙትም። አሁን ተማሪዎቼ መዝገቤን ሲያገላብጡ ለምን ሁለት እንደ ሆነ ይጠይቁኛል። የላይኛው የመምህሬ ቃል ነው እላቸዋለሁ። የታችኛውስ ሲሉኝ የጽሕፈት ቤቱ ነው እላለሁ፤ ከሥሩ ያለው ፊርማ ግን አሁንም የመምህሬ ነው።