ኢኮ ቅባት አይደለም

«ኢኮ ጨምርልኝ!»

ከመካከላችሁ ሚክሰር ኋላ ቆሞ ይህን ያልሰማ አገልጋይ ካለ እጁን ያውጣ። ዘማሪው ማይኩን ይይዛል፤ አንድ ሁለት ጊዜ «ሃሌ… ሃሌ…» ብሎ ይሞክራል፤ ድምፁ ደረቅ ሲሆንበት ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ በጣቱ ወደ ላይ ያመለክታል። እኛም ቁልፉን እናዞራለን። ጉባኤው «አሜን!» ይላል። ያ «አሜን» ለጌታ የተሰጠ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ግን ብዙው ለቁልፉ እንደ ነበር አምናለሁ። ይህን የምጽፍላችሁም ስለዚህ ነው።

ወገኖቼ፣ አስቀድሜ የራሴን ጥፋት ልናገር። የቆቦ ልጅ ነኝ። ለአጥቢያችን አንዲት ትንሽ ዲጂታል ሚክሰር በተገዛች ሰሞን አንድ ወዳጄ ከአዲስ አበባ በፍላሽ ዝግጁ የኢፌክት ቅንብሮችን፣ ማለትም ፕሪሴቶችን፣ ይዞልኝ መጣ። አንዱ «ትልቅ አዳራሽ» ይባላል፤ ሌላው «ካቴድራል»፤ ሌላው «ስታዲየም»። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። በሚቀጥለው እሑድ አንዲት እህት ራሷ የጻፈችውን መዝሙር ይዛ መጣች። በጦርነቱ ጊዜ፣ ቤተሰቧ ተበትኖ በነበረበት ወራት፣ በለቅሶ የጻፈችው ነው። «ካቴድራል»ን ጫንኩላት። እልልታው ቀለጠ። ሰው ሲወጣ በር ላይ አንዲት እናት ክንዴን ያዙና «ልጄ፣ ድምጿ እንዴት ያምራል! ግን ምን አለች?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ስለ ድምፁ ስጨነቅ እኔም ቃሉን አልሰማሁትም ነበር።

እስቲ ፕሪሴት ምን እንደ ሆነ እንነጋገር። አንድ ድምፅ አዳራሽ ውስጥ ሲወጣ በቀጥታ ወደ ጆሯችን ይመጣል፤ ደግሞም ግድግዳና ጣሪያ እየመታ ዘግይቶ ይመለሳል። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ 17 ሜትር ርቆ ካለ ግድግዳ ለመመለስ የሰከንድ አንድ አሥረኛ ይፈጅበታል። አያቶቻችን ይህን ገደል ማሚቶ ይሉታል። የቀረጻ ባለሙያዎች ይህን ለማግኘት ድሮ ባዶ ክፍል ውስጥ ስፒከርና ማይክ ያስቀምጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1957 የጀርመኑ ኢ ኤም ቲ ኩባንያ ትልቅ የብረት ዝርግ በሣጥን ውስጥ ሰቅሎ እንዲያስተጋባ አደረገ። በ1976 ይኸው ኩባንያ ማስተጋባቱን በቁጥር ስሌት የሚሠራ ዲጂታል መሣሪያ አወጣ። በ1986 ደግሞ አሌሲስ የተባለው ኩባንያ ሚዲቨርብ የሚባል ትንሽ ሣጥን ሠራ፤ 63 ዝግጁ ፕሪሴቶች ነበሩት፤ ገዢው መምረጥ እንጂ ውስጣቸውን መለወጥ አይችልም ነበር። ዛሬ በየአጥቢያው የምናያቸው የያማሃ ኤም ጂ ኤክስ ዩ ሚክሰሮች 24 ዝግጁ ኢፌክት ይዘው ይመጣሉ፤ ከመካከላቸው አንዱ ስሙ «የካራኦኬ ኢኮ» ነው። የጌታን ቃል በካራኦኬ ኢኮ ያወጀ ካለ ንስሐ ይግባ አልልም፤ ግን የተጻፈውን ያንብብ!

እንግዲህ ፕሪሴት ማለት ሌላ ሰው፣ በሌላ አገር፣ ለሌላ ክፍል የወሰነው ውሳኔ ነው። ያ ሰው የቆቦን አዳራሽ አላየም። የእኛ አዳራሽ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ግድግዳው ልስን ነው፤ መጋረጃ የለውም። ራሱ ያስተጋባል! በሚያስተጋባ ቤት ላይ «ካቴድራል» መጨመር በጨው ወጥ ላይ ጨው መነስነስ ነው።

ይህን በቁጥር ያሳየው ዋላስ ሳቢን የተባለ የሃርቫርድ መምህር ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 አንድ አዲስ የመማሪያ አዳራሽ ንግግር የማይሰማበት ሆኖ ተገኘ፤ አንድ ቃል ከተነገረ በኋላ 5.5 ሰከንድ ያህል ይጮኽ ነበር። ሳቢን ሌሊት ሌሊት ከሌላ አዳራሽ የወንበር ትራስ እያስመጣ፣ እየደረደረ፣ ድምፁ ለመጥፋት የሚፈጅበትን ጊዜ ለካ። ጨርቅ ሲበዛ ጩኸቱ አጠረ፤ ቃሉ ተሰማ። እርሱ ትራስ ተሸክሞ ያሳጠረውን እኛ በአንድ ቁልፍ መልሰን እናስረዝማለን።

አማርኛችን ደግሞ ከዚህ የበለጠ ይጎዳል። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም፤ ሸክሙ ሁሉ በጆሮ ላይ ነው። «እግዚአብሔር ይሰማል» በሉ። ሰ ሲላላ እርሱ ጸሎታችንን ያዳምጣል ማለት ነው፤ ሰ ሲጠብቅ ግን የእርሱ ድምፅ ወደ እኛ ይደርሳል ማለት ነው። ሁለት ትምህርት፣ አንድ ጽሕፈት! ልዩነቱ ፊደሉ ላይ የምንቆይበት ቅንጣት ጊዜ ነው። ስንናገር በሰከንድ አራት አምስት ፊደል እንላለን። ኢኮው 3 ሰከንድ ከቆየ ከአሥር የሚበልጥ ፊደል ጅራት በአንድ ጊዜ ጆሯችን ውስጥ ይንጫጫል፤ የጠበቀውና የላላው ይደባለቃል። ሐዋርያው ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 14 ስለማይለይ የመለከት ድምፅ የጻፈው ለዘመናችን ሚክሰር ጭምር ይመስለኛል። የራያ ጭብጨባችንም እንደዚሁ ነው፤ ውበቱ እጅ ከእጅ ጋር እኩል ማረፉ ነው። ኢኮ ሲጨመርበት ዝናብ የሚመታው ቆርቆሮ ይሆናል።

ይህ ሁሉ ግን የእጅ ሥራ ስሕተት ነው፤ ይታረማል። የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ሰባኪው መጸለይ ሲጀምር የሳውንድ አገልጋዩ ቀስ ብሎ ዲሌዩን ከፍ ያደርጋል። ቃሉ ሦስት አራት ጊዜ ይደጋገማል። ኪቦርዱ ከሥር ይዘረጋል። ሰው መጮኽ ይጀምራል። ከዚያ «ዛሬ ቅባቱ ከባድ ነበር» እንላለን። ወንድሜ፣ እህቴ፣ ያን ቀን መብራት ጠፍቶ ቢሆን ኖሮስ? ቅባቱ አብሮ ይጠፋ ነበር?

ነቢዩ ኤልያስ በቀርሜሎስ ምን እንዳደረገ አስታውሱ። እሳት ከሰማይ ከመጠበቁ በፊት መሥዋዕቱን በውኃ አራሰው፤ አራት ጋን፣ ሦስት ጊዜ። እሳቱ ሲወርድ ማንም «ከሥር ፍም ደብቆ ነው» እንዳይል። እኛ ግን መሠዊያው ላይ ቤንዚን አርከፍክፈን፣ ክብሪት ጭረን፣ «እሳት ወረደ» እንላለን። የእግዚአብሔር መንፈስ ኢኮ ባለበት አይሠራም አላልኩም። እርሱ እንደ ወደደ ይሠራል። እኔ የምለው እኛ የሠራነውን ለእርሱ አንስጠው ነው።

«ታዲያ በጥበብ እንድንዘምር ታዝዘን የለ?» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። ኢፌክት ኃጢአት አይደለም፤ በልኩ ሲሆን ለድምፅ ሙቀት ይሰጣል፤ የደከመን ዘማሪ ያግዛል። ግን ጥበብ ማለት ለምን እንዳደረጉት ማወቅ ነው። በፍላሽ የመጣልኝን ስጭን ጥበበኛው ፕሪሴቱን የሠራው ሰው ነበር፤ እኔ ተሸካሚ ነበርኩ።

«ደረቅ ድምፅ ያሳፍራል» ትሉኛላችሁ። የነገሩ ሥር እዚህ ላይ ነው። የምናፍረው በድምፃችን ነው። አማርኛችን ከትግርኛና ከኦሮምኛ ጋር ጎን ለጎን ያደገ፣ የራሱ ቃና ያለው ነው። ያን ቃና ከመድረክ ላይ እንሸሽገዋለን፤ እንደ አዲስ አበባ ቀረጻ መምሰል እንፈልጋለን። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው ኦቶ ቲዩን የሚባለው የድምፅ ማቃኛ ደግሞ የቀረውን ይሞርደዋል። የፈጠረው ሰው አስቀድሞ ለነዳጅ ፍለጋ ከመሬት ሥር የሚመለስ ድምፅን የሚተነትን መሐንዲስ ነበር። እርሱ መሬትን በድምፅ መረመረ፤ እኛ በእርሱ መሣሪያ ራሳችንን ቀበርን።

በደርግ ዘመን ቤተ ክርስቲያኖች ሲዘጉ አባቶቻችንና እናቶቻችን በየቤቱ ተሸሽገው፣ ጎረቤት እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ዘመሩ። ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ ስለ እምነቱ ሰባት ዓመት ታስሮ እዚያው መዝሙር ጻፈ። ለእነዚያ መዝሙሮች ካቴድራል የጨመረላቸው አልነበረም። እስከ ዛሬ ግን ቃላቸውን በልባችን እናውቃለን። ከእኛ መዝሙሮች ከአርባ ዓመት በኋላ ቃሉ የሚታወሰው የትኛው ነው?

የራያ ልጆች፣ ወንጭፍ ለእኛ የመጽሐፍ ምሳሌ ብቻ አይደለም። ማሽላው ሲያሸት ማማ ላይ ወጥተን ግሪሳን ያባረርንበት ነው። ከማማው ሆነን ስንጣራ ማሳውን ተሻግሮ ቃላችን ይሰማ ነበር፤ ያለ ሞንታርቦ። ዳዊትም የሳኦልን ጥሩር ለብሶ ለመሄድ ሞከረ፤ ግን አልለመደውምና አወለቀው። ጥሩሩ መጥፎ ስለ ነበረ አይደለም፤ የሌላ ሰው ልክ ስለ ነበረ ነው። የሚያውቀውን ወንጭፍ ይዞ ወጣ።

ስለዚህ ይህን አድርጉ። ቅዳሜ ልምምድ ላይ ኢፌክቱን ሁሉ ዝጉ። በአዳራሹ መካከል ቆማችሁ አንድ ጊዜ አጨብጭቡ፤ ድምፁ እስኪጠፋ ቁጠሩ። የኋላው ግድግዳ ላይ ጋቢ ወይም ወፍራም መጋረጃ ስቀሉና ደግማችሁ አጨብጭቡ። ሰው ራሱ ድምፅ ስለሚመጥ የቅዳሜው ቅንብር ለእሑድ አይሆንም፤ አዳራሹ ሲሞላ እንደገና አዳምጡ። ከዚያ ካስፈለገ ብቻ አጭር ማስተጋባት፣ ከ1 ሰከንድ ያልበለጠ፣ ጨምሩ። ፕሪ ዲሌዩን ከ20 እስከ 40 ሚሊ ሰከንድ አድርጉት፤ ቃሉ ቀድሞ ይውጣ፣ ጅራቱ ይከተል። ቃለ እግዚአብሔር ሲነበብና ሲጸለይ ፈጽሞ ዝጉት። ያገኛችሁትንም በራሳችሁ ስም አስቀምጡት። የእኔ ዛሬ «ቆቦ ቆርቆሮ» ይባላል፤ ለወልድያ ወይም ለአላማጣ አልልከውም፤ እነርሱ የራሳቸውን ይፈልጉ።

ያቺ እህት መዝሙሯን ሌላ እሑድ ደገመችው። ኢኮውን ዘግቼ ነበር። ድምጿ በሁለተኛው አዝማች ላይ ተሰበረ፤ ሁላችንም ሰማነው። እልልታ አልነበረም። እኚያ እናት ግን ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው ቆዩ፤ ሲወጡም ስለ ድምጿ አንዳች አላሉኝም። «የእኔንም ልጅ ነው የዘመረችው» ብለው አለፉ።

እሑድ ከጉባኤ በኋላ በር ላይ ቁሙ። የሚወጡትን አንድ አባት ወይም አንዲት እናት «ዘማሪው ምን አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከነገሩዋችሁ አገልግላችኋል። «ድምፁ ግን ያምራል» ካሏችሁ ተመልሳችሁ ቁልፉን ዝጉ።