ባለታሪኩ በራሱ አንደበት

በትረካ ውስጥ የሰው ቃል በሁለት መንገድ ይቀርባል፤ አንዱ ተናጋሪው ያለውን እንዳለ የሚያሰፍር ቀጥተኛ ንግግር ሲሆን፣ ሌላው ጸሐፊው የተባለውን በራሱ ቃል አዙሮ የሚያቀርብበት ኢቀጥተኛ ንግግር ነው። አማርኛ ከጥንቱም ወደ መጀመሪያው ያደላል። የፋርጣ ገበሬ ሰማዩ ሲጠቁር አይቶ በሬዎቹን ቢፈታ፣ አንዲት ቃል ባይተነፍስም እንኳ፣ «ዝናብ ሊመጣ ነው ብሎ ፈታ» ይባላል፤ ሐሳቡ ሳይቀር የንግግር መልክ ይዞ ይተረካል። ስለዚህ ቀጥተኛ ንግግር ትረካን ለማሳመር የሚገባ ጌጥ ነው የሚለው የተለመደ ማብራሪያ ለአማርኛ አይበቃም።

ዋናው ምክንያት ሌላ ነው፤ ቀጥተኛ ንግግር በተናጋሪዎቹ መካከል ያለውን ማዕረግ ይዞ ይቀርባል። በደቡብ ጎንደር ታላቁን «አንቱ» ሲል የኖረ ሰው በጠብ መካከል «አንተ» ብሎ ቢናገረው፣ መከባበሩ መፍረሱን አንባቢው ከዚያች አንዲት ቃል ይረዳል፤ ጸሐፊው ንግግሩን አዙሮ «ተቆጥቶ ተናገረው» ካለ ግን ቁጣው ይነገራል እንጂ አይሰማም፣ በሁለቱ መካከል የነበረው ማዕረግም አብሮ ይጠፋል።

ቃል በተነገረበት ቋንቋ መጻፉ ለሚያመጣው ልዩነት ደብረ ታቦር የቅርብ ምስክር አላት። ከዐፄ ቴዎድሮስ በፊት የነገሥታቱ ዜና መዋዕል፣ ማለትም በየዘመኑ የተጻፈው የመንግሥት ታሪክ፣ በግዕዝ ይጻፍ ስለነበር በአማርኛ የተነገረው የቤተ መንግሥት ቃል መልኩን ለውጦ ይመዘገብ ነበር። ደብረ ታቦርን መቀመጫቸው ያደረጉት፣ በአቅራቢያዋ በጋፋት መድፍ ያሠሩት ንጉሥ ታሪክ ግን በደብተራ ዘነብም ሆነ በአለቃ ወልደ ማርያም የተጻፈው በአማርኛ ነው። በዚህም ንጉሡና ባላባቱ በሚናገሩበት ቋንቋ ወደ ወረቀት ገቡ፤ ይህ ለሥነ ጽሑፋችን ከሚታሰበው በላይ ትልቅ እርምጃ ነው።

እርግጥ ነው፣ ዜና መዋዕል ጸሐፊ በየድንኳኑ ቆሞ አልሰማም፤ በትእምርተ ጥቅስ የሚታተም ንግግር ሁሉ ቃል በቃል የተባለ ነው ብሎ መቀበል ስሕተት ይሆናል። በ«የቴዎድሮስ እንባ» ብርሃኑ ዘሪሁን ንጉሡን ሲያናግር ግን ልቦለድ መሆኑ ታውቆ ነው፤ የታሪክ ጸሐፊ ይህ ነጻነት የለውም።

ስለዚህ በደብረ ታቦር፣ በጋይንትና በእስቴ የአዛውንቶችን ትዝታ የሚሰበስቡ ተማሪዎችና መምህራን የሰሙትን ወደ ራሳቸው የጽሕፈት አማርኛ ከመለወጣቸው በፊት፣ ሽማግሌው ያሉትን በአነጋገራቸው፣ ከነ«አንቱ»ው ይመዝግቡት።