መሶቡ ተገዝቷል፤ እንጀራውን ማን ይጋግረው?

ጋዜጣ ላይ መጻፍ ብቻውን የቤት ኪራይ አይከፍልም። ስለዚህ እኔም እንደ ብዙ መሰሎቼ የጎን ሥራ አለኝ፤ የሰው የመመረቂያ ጽሑፍ አርማለሁ። ሰዋስው አቃናለሁ፣ የተዛባ ሠንጠረዥ አስተካክላለሁ፣ የገጽ ቁጥር እሰጣለሁ። ባለ ዲፕሎማው የባለ ማስተርሱን ጽሑፍ ሲያርም ምን ይባላል? «የዘመኑ ጉድ» ከማለት ሌላ ስም አላገኘሁለትም።

ባለፈው ሰሞን በሃምሳዎቹ ዕድሜ ያሉ አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ጽሑፋቸውን ይዘውልኝ መጡ። ርዕሱን ሳየው ልቤ ድንግጥ አለ። ስለ ፕላዝማ ነው! መጠይቅ በትነዋል፣ መቶኛ አውጥተዋል፣ «አብዛኞቹ መላሾች ተስማምተዋል» ብለዋል። በመጨረሻው ገጽ ደግሞ መፍትሔ አስቀምጠዋል፤ ትምህርቱ ከመሰራጨቱ በፊት በተማሪ ላይ ቢሞከር፣ መምህሩም ቢጠየቅበት ይበጅ ነበር የሚል።

«ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ደክመው ጽፈው ማን ያነበዋል?» አልኳቸው።

«አማካሪዬና ፈታኜ ናቸዋ! አሁን ደግሞ አንተ ሦስተኛ ሆንክ» ብለው ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ለምን እንዳልሳቅሁ ልንገራችሁ።

እኔ የፕላዝማ ልጅ ነኝ። በ1997 ዓ.ም. ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ትልቁ ስክሪን ብረት ቤት ተሠርቶለት፣ ቁልፍ ተበጅቶለት ግድግዳችን ላይ ተሰቅሎ ጠበቀን። ወንበራችን ተሰብሯል፣ ቤተ ሙከራችን ባዶ ነው፣ ስክሪኑ ግን ያብረቀርቃል። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ እንግሊዝኛ በሳተላይት ይወርድልን ጀመር። ትምህርቱ የተዘጋጀው ደቡብ አፍሪካ ነው፤ ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው። ከ40 ደቂቃ ጥቂት ከሚበልጠው ክፍለ ጊዜ 30 ያህሉን ቴሌቪዥኑ ይወስድና መምህራችን መግቢያና መደምደሚያ እንዲናገሩ ጥቂት ደቂቃ ይመጸወታሉ። ስክሪኑ ጥያቄ ይጠይቃል፤ እርሳሳችንን ሳናነሳ መልሱን ራሱ ይመልሳል፤ ደግሞ «በጣም ጥሩ!» ብሎ ያመሰግነናል። ማንን ነው የሚያመሰግነው? አንድም የመለሰ ሰው የለም። እጅ አውጥቶ «አልገባኝም» ቢሉት አይሰማ። መብራት ከሄደ ደግሞ ትምህርቱም አብሮ ሄደ፤ ሳተላይት አይጠብቅማ!

የሒሳብ መምህራችን በር አጠገብ ቆመው ከእኛ እኩል ሲያዩ ትዝ ይሉኛል። ሃያ ዓመት ያስተማሩ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን መብራት ጠፋና ጠመኔ አንስተው ያንኑ ርዕስ በአማርኛና በእንግሊዝኛ እያፈራረቁ አስረዱን። ክፍሉ በሙሉ ገባው። ደወል ሲደወል አንዱ ጓደኛችን «መብራት ኃይልን እግዜር ይስጠው» አለ። በዓመቱ የአሥረኛ ክፍል ፈተና ወሰድን። ለመሰናዶ የሚያበቃ ነጥብ ስላልመጣልኝ በ10+3 ዲፕሎማ ወጣሁ። ጥፋቱን በሙሉ በስክሪኑ ላይ አላላክክም፤ ስንፍናዬም ድርሻ አለው። ግን የዚያን ቀን የገባኝ ሒሳብ እስከ ዛሬ አልጠፋኝም።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ «ቴክኖሎጂ ይቅር» የምል እንዳይመስልህ። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ያ ሁሉ ገንዘብ ሲፈስ፣ ትምህርቱን ለዘጠነኛ ክፍል ኢትዮጵያዊ ልጅ የሚመጥነው፣ የት ላይ ቆም ማለት እንዳለበት የሚለካው፣ ሞክሮ የሚጥለውና እንደገና የሚሠራው ባለሙያ ማን ነበር? ይህ ሙያ በዓለም ላይ አለ። ስሙም ኢንስትራክሽናል ዲዛይን ይባላል፤ በእኛ አባባል የማስተማር ንድፍ ልንለው እንችላለን። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ከትምህርት ቴክኖሎጂ ጋር ተዳብሎ በማስተርስና በዶክትሬት ሲሰጥ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። መነሻው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው፤ ብዙ ወታደር በአጭር ጊዜ ማሠልጠን ግድ ሲሆን የሥነ ልቦና ሰዎች ተጠርተው «ሰው እንዴት ይማራል?» ተባሉ። ከእነሱ አንዱ የነበረው ሮበርት ጋኜ በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የመማርን ሁኔታዎች ዘርዝሮ አስቀመጠ። ሙያው ሲጨመቅ እንዲህ ነው፦ ተማሪው የሚያውቀውን እወቅ፣ በመጨረሻ ምን እንዲችል እንደምትፈልግ ወስን፣ ትምህርቱን አዘጋጅ፣ በጥቂት ልጆች ላይ ሞክር፣ ያልሠራውን አርም፣ ከዚያ በኋላ አሰራጭ። እኛ ከመጨረሻው ጀመርን። መጀመሪያ አሰራጨን።

ሪቻርድ ክላርክ የተባለ አሜሪካዊ ምሁር በ1983 እ.ኤ.አ. ባልደረቦቹን ያስቆጣ ጽሑፍ አወጣ። ቴሌቪዥን በለው ኮምፒዩተር ትምህርት የሚያደርስ መኪና ነው፤ አስቤዛ የጫነ መኪና ደግሞ የምግቡን ጥቅም አይለውጥም ሲል ተከራከረ። «የለም፣ መሣሪያውም የራሱ አቅም አለው» ያሉ ተነሡበት፤ ክርክሩም ቀጠለ። በዚህ ክርክር በሁለቱም ወገን የቆሙት ግን በአንድ ነገር አይለያዩም፤ የተጫነውን ሳያዩ መኪናውን ብቻ መግዛት ሞኝነት ነው።

የእኛ ስህተት አዲስ ቢሆን ኖሮ ይቅር በተባለ ነበር። አዲስ አይደለም! በ1964 እ.ኤ.አ. በአሜሪካን ሳሞዋ ደሴቶች ገዢው ሬክስ ሊ ትምህርት ቤቶችን በቴሌቪዥን እንዲመሩ አደረገ። ዋናው መምህር ስክሪኑ፣ የክፍሉ መምህር ረዳት ሆነ። ዓመታት ሲቆጠሩ መምህራንም ተማሪዎችም ሰለቹት፤ ቴሌቪዥኑም ከዋና መምህርነት ወደ አጋዥነት ወረደ። እኛ ያንኑ መንገድ የያዝነው ከ40 ዓመት በኋላ ነው። በተቃራኒው ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኒካራጓ የስታንፎርድ ሰዎች ከአገሬው ጋር ሆነው ሒሳብ በሬዲዮ አስተማሩ። በርካሿ ሬዲዮ! ልዩነቱ ምን ነበር? ሬዲዮው ጠይቆ ዝም ይላል፤ ልጆቹ ጮክ ብለው ይመልሳሉ። ትምህርቱም ክፍል ውስጥ እየተሞከረ ይታረም ነበር። ሬዲዮዋ ከፕላዝማ አልበለጠችም፤ የበለጠው ያዘጋጃት ጭንቅላት ነው።

መምህርን ሳይጠይቁ ትምህርትን መለወጥስ በዚህ አገር ምን እንዳመጣ ረሳነው እንዴ? ንጉሡ ዘመን ሴክተር ሪቪው የተባለውን የትምህርት ጥናት መምህራን «ያለ እኛ» ብለው ተነሡበት፤ በ1966 ዓ.ም. የለኮሰው እሳት ከሌላው ብሶት ጋር ተደምሮ ዙፋን ገለበጠ። ፕሮፌሰር ተከስተ ነጋሽም በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ የአገሪቱ ትምህርት ከቀውስ ወደ ውድቀት አፋፍ እየሄደ ነው ብለው አስጠነቀቁ፤ ልጁ በማይገባው እንግሊዝኛ መማሩን ከዋና ምክንያቶቹ አንዱ አድርገው አነሡ። ማን ሰማቸው? ከዓመታት በኋላ መልሱ በፈተና መጣ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፤ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። ይህን ሁሉ ፕላዝማ አመጣው አልልም፤ ጦርነትም፣ ኮቪድም፣ ድህነትም፣ ለዓመታት የኖረው የፈተና ስርቆትም አለበት። ግን ለልጁ የሚመጥን ትምህርት የሚነድፍ ሰው ያላፈራ አገር ከዚህ የተሻለ ውጤት ከየት ያመጣል?

አሁን ደግሞ ሁለተኛው ዙር ግዢ ላይ ነን። «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተባለው ስትራቴጂ በ2012 ዓ.ም. ጸደቀ። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ በኮቪድ ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ «በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ተማሩ» ተባለ፤ ቴሌቪዥንም መብራትም የሌለው የገበሬ ልጅ በምን ይማር? በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ለከፊል ተማሪዎች በኮምፒዩተር ተሰጠ። በዚያው ዓመት አምስት ሚሊዮን ኮደር እናሠለጥናለን ተባለ። የዩኒቨርሲቲ መምህራንን የኦንላይን ትምህርት አዘገጃጀት ለማሠልጠን ደግሞ በማስተርካርድ ፋውንዴሽን ገንዘብ የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ገባ። ሥልጠናውን አልነቅፍም፤ እሰየው ነው። ግን ፈረንጁ ሻንጣውን ሲያነሳ ማን ይቀራል? ደቡብ አፍሪካ የዛሬ ሃያ ዓመት፣ አሪዞና ዛሬ፤ ነገ ደግሞ ማን ሊሆን ነው?

«ማስተርስ የሚሰጥ ዩኒቨርሲቲ ሞልቶ የለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሥርዓተ ትምህርትና በማስተማር ዘዴ ለዓመታት ማስተርስ ሰጥቷል፤ ሌሎችም ተከትለዋል። እኔ ግን ከሚያልፉብኝ ጽሑፎች የማየው አንድ ነገር ነው። ተማሪው ሁለት ዓመት ተምሮ የሚጽፈው ስለ ትምህርት ነው እንጂ አንድ ትምህርት ሠርቶ አያሳይም። መጠይቅ ይበትናል፣ ይሰበስባል፣ ያስጠርዛል። እነዚያ መምህር ሠላሳ ዓመት ክፍል ውስጥ ኖረዋል፤ ልጁ ክፍልፋይ ላይ ለምን እንደሚደናቀፍ ከማንም በላይ ያውቃሉ። ማስተርሳቸው ግን ይህን ዕውቀት ወደ አንድ የሬዲዮ ትምህርት፣ ወደ አንድ መልመጃ፣ ወደ አንድ የስልክ ፕሮግራም እንዲለውጡት አልጠየቃቸውም። ከዚያ ጥርዙ መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል፤ እሳቸውም የደረጃ እድገታቸውን ይዘው ወደዚያው ክፍል ይመለሳሉ። እድገቱ ይገባቸዋል። አገሪቱስ ምን አገኘች?

ስለዚህ ለሚመለከተው ሁሉ በግልጽ እላለሁ።

አንደኛ፣ በማስተማር ንድፍና በትምህርት ቴክኖሎጂ የሚሰጠው ማስተርስ መመረቂያው ሥራ ይሁን። ተማሪው አንድ ትምህርት ያዘጋጅ፣ መብራት በሚቆራረጥበት ትምህርት ቤት ይሞክረው፣ ልጆቹ ምን እንደቻሉ ለክቶ ያምጣ፣ የወደቀውን እንደገና ይሥራ። ወድቆ መታረሙ ራሱ ያስመርቀው።

ሁለተኛ፣ ትምህርቱ ልጁ በሚናገረው ቋንቋ ይነደፍ። በ1971 ዓ.ም. የጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ማስተማሪያ አዘጋጅቷል። ደርግን ብንጠላም ሥራውን መካድ አንችልም። በዚያ ዘመን የተቻለ ዛሬ እንዴት ያቅታል?

ሦስተኛ፣ የሥራ መደብ ይከፈት። ተመራቂው በየክልሉ ትምህርት ቢሮ ቦታ ካላገኘ ወይ የእርዳታ ድርጅት ይወስደዋል ወይ ባሕር ማዶ ይሻገራል። ያን ጊዜ «ባለሙያ የለንም» ብሎ ማላዘን ዋጋ የለውም።

አራተኛ፣ የመግቢያው በር ለመምህሩ ይከፈት። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለድኅረ ምረቃ አገር አቀፍ የመግቢያ ፈተና አለ፤ መመዘኑ መልካም ነው። ነገር ግን ሃያ ዓመት ጠመኔ የጨበጠ እጅም ሚዛን ላይ ይውጣ።

አምስተኛ፣ ማንኛውም ስክሪን፣ ታብሌት፣ ሶፍትዌር በአገር ልጅ ባለሙያ ተሞክሮ ውጤቱ ለሕዝብ ሳይነገር በብዛት አይገዛ። ገንዘቡ የሕዝብ ነው። ግዢ ሲሆን ሪባን የሚቆርጥ ባለሥልጣን አይጠፋም፤ ሲበላሽ ግን የሚጠየቅ አንድ ሰው አይገኝም። ይህ ይቁም!

ያን የመምህሩን ጽሑፍ አርሜ ጨረስኩ። ሒሳቤን ሊከፍሉኝ ሲሉ ግማሹን ተውኩላቸው። «ለምን?» አሉኝ። «ጋሼ፣ እኔም ከመላሾቹ አንዱ ነበርኩ፤ መጠይቁ ብቻ አልደረሰኝም» አልኳቸው።

የእኔ ዘመን አልፏል፤ በዲፕሎማዬ እኖራለሁ። ዛሬ ዘጠነኛ ክፍል የገባው ልጅ ግን ገና መጀመሩ ነው። እሱም በተራው አፍጥጦ ከሚያይበት ስክሪን ጀርባ፣ ስሙን ባያውቅ እንኳ ችግሩን የሚያውቅ አንድ የአገሩ ሰው ይቀመጥለት።

መሶቡ ከተገዛ ቆይቷል። ልጆቹ ግን እንደራባቸው ናቸው።