የክረምቱ የፖለቲካ ትምህርት ከፈተና ወረቀት ይሻገር

ክረምት በአገራችን ለገበሬው የእርሻ ወቅት፣ ለመደበኛው ተማሪ የዕረፍት ጊዜ ሲሆን፣ ዓመቱን ሙሉ በሥራ ላይ ለቆየው መምህርና ሠራተኛ ደግሞ የኮሌጅ በር የሚከፈትበት ወቅት ነው። ዕረፍቱን ሠውቶ፣ ቤተሰቡን ትቶና ከደመወዙ ቀንሶ ወደ ክረምት ትምህርት የሚጓዘው ወገን ጥቂት አይደለም። ከእነዚህ መካከል የፖለቲካ ሳይንስን የሚማረው ወገን ምን ይዞ ይመለሳል? ይህ የተማሪው ብቻ ሳይሆን የመላው ኅብረተሰብ ጥያቄ ነው።

የፖለቲካ ሳይንስ ሥልጣን ከማን እንደሚመነጭ፣ በማን እጅ እንደሚገባ፣ በምን እንደሚገደብና ተጠያቂነቱ ለማን እንደሆነ የሚመረምር ዕውቀት ነው። በመደበኛው ጊዜ ወራት የሚወስደው ትምህርት በጥቂት ሳምንታት ሲታጨቅ ግን አንድ አደጋ ይከተላል፤ ይኸውም ትርጓሜ ሸምድዶ፣ ፈተና አልፎ፣ የምስክር ወረቀት ይዞ መመለስ ነው። የመንግሥትን ትርጉም በቃሉ የሚወጣ፣ ነገር ግን የቀበሌው ገንዘብ በማን ውሳኔ ወጪ እንደሚሆን ጠይቆ የማያውቅ ምሩቅ ለራሱም ሆነ ለጎረቤቱ የሚፈይደው የለም።

የጊዜን ማጠር የሚያካክሰው የጥያቄ ጥራት ነው። ለአብነት ያህል፣ የ1923፣ የ1948፣ የ1980 እና የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቶችን ጎን ለጎን አስቀምጦ «የሕዝብን ተወካይ የሚመርጠው ማን ነው?» ብሎ መመርመር ይቻላል። በ1923ቱ፣ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪችል ድረስ በሚል፣ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን የሚመርጡት መኳንንቱና ሹማምንቱ ነበሩ። በ1948ቱ ይህን ምክር ቤት ሕዝቡ እንዲመርጥ ሲፈቀድ፣ የሕግ መወሰኛው አባላት ግን በንጉሠ ነገሥቱ ይሾሙ ነበር። የ1980ው ብሔራዊ ሸንጎው በሕዝብ እንዲመረጥ ቢደነግግም የመሪነቱን ሥፍራ ለአንድ ፓርቲ ሰጠ። የ1987ቱ ደግሞ በአንቀጽ 12 ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተወካይ ከቦታው ሊያነሳ እንደሚችል ደነገገ።

ምርመራው ግን በዚህ ሊያበቃ አይገባም። የተጻፈው በተግባር ውሏልን? ተወካይን የማንሳቱ መብት በየትኛው ሥርዓት፣ በማን አነሳሽነት ይፈጸማል? የ1980ው ሕገ መንግሥት የዜጎችን መብቶች በዝርዝር ይዞ ሳለ፣ አራት ዓመት ሳይሞላው በ1983 ዓ.ም. ከሥርዓቱ ጋር አክትሟል። በጽሑፍና በተግባር መካከል ያለውን ርቀት መለካት የዚህ ሳይንስ ዐቢይ ተግባር ነው።

ለዚህም ቤተ ሙከራው ሩቅ አይደለም። ዕድር መተዳደሪያ ደንብ አለው፤ ዳኛ ይመርጣል፤ ገንዘብ ያዥ ይሰይማል፤ በጠቅላላ ጉባኤ ይመክራል። የሠራተኛ ማኅበርም እንዲሁ። የሥልጣን ምንጭ፣ ገደብና ተጠያቂነት የሚባሉት ጽንሰ ሐሳቦች ሁሉ በእነዚህ ውስጥ በየወሩ ይፈተናሉ። ኮሌጅ ደጃፍ ያልረገጠው የዕድር ሽማግሌ ስለ ስብሰባ፣ ስለ ድምፅና ስለ ሒሳብ ቁጥጥር ያካበተው ልምድ ከመጽሐፍ የማይገኝ ነውና፣ ተማሪው ሊያስተምር ብቻ ሳይሆን ሊማርም መቅረብ ይኖርበታል።

ስለሆነም መምህራን ፈተናቸው ሽምደዳን ሳይሆን ማነጻጸርን የሚጠይቅ እንዲሆን ያድርጉ። የቀበሌ ነዋሪዎችና ሠራተኞችም መስከረም ሲጠባ ከኮሌጅ የተመለሰውን ጓደኛቸውን «ምን ያህል አመጣህ?» ብለው ውጤቱን ብቻ ከመጠየቅ ይልቅ የማኅበራቸውን ደንብ በፊቱ ዘርግተው «የመረጥነውን ሰው የምንጠይቀውና የምናወርደው እንዴት ነው?» ይበሉት። ለዚህ ጥያቄ አብሮ መልስ የሚፈልግ ምሩቅ ክረምቱን በከንቱ አላሳለፈም።