የተጨነቀውን ልጅ ሸክሙን እናቅልለት ወይስ ትከሻውን እናጽናለት?

የዚህ ሙግት ተካፋዮች ሁለቱም የሐዋሳ ነዋሪዎች ናቸው፤ አንደኛው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲያስተምሩ ኖረው በጡረታ የተገለሉ መምህር፣ ሁለተኛይቱ በአእምሮ ጤና ሙያ የሚያገለግሉ ነርስና የልጆች እናት ናቸው።

የመምህሩ ቃል

ሐዋሳ ዕድሜዋ ከአንድ ሽማግሌ ዕድሜ የማይበልጥ ከተማ ናት፤ በዚህም አጭር ዘመን ውስጥ የልጅ አስተዳደጋችንን ያህል ፈጥኖ የተለወጠ ነገር በውስጧ ያለ አይመስለኝም። ቀድሞ በሐይቁ ዳር በአሞራ ገደል ከአባቱ ጋር መረብ እየጎተተ የሚያድግ፣ ባጠፋ ጊዜ የማንኛውም ጎረቤት ተግሣጽ የሚደርሰው፣ በሰንበት ከታላላቆቹ ጋር ቆሞ ማስቀደስን ከነድካሙ የሚለምድ ልጅ፣ ስለ ነገው ኑሮው ቢተክዝ እንኳ ሐሳቡን የሚያሳርፍበት ሥራና የሚደገፍበት ሰው ስለነበረው፣ ልቡ ነፋስ እንደሚያወዛውዘው ሸምበቆ አልነበረም።

ዛሬ ግን ያ ድጋፍ ሁሉ አንድ በአንድ ተነቅሎ፣ በምትኩ ለልጁ የተሰጠው ነገር ቢኖር ሌሊቱን በትራሱ ሥር የሚያበራ ስልክ ነው። በዚያም ስልክ በቴሌግራምና በቲክቶክ የማያውቃቸውን ሰዎች ድሎት እያየ የገዛ ቤቱን ይንቃል፤ የእኩዮቹን ፌዝ ይፈራል፤ አንዳንዱም የእናቱን የጉሊት ትርፍ በእግር ኳስ ውርርድ ያስበላል። እንቅልፍ ያጣ ልጅ መጨነቁ ምን ያስደንቃል? ወላጅም ልጁ ሲጨነቅ ባየ ጊዜ፣ በፍቅር ተነሣሥቶም ይሁን በራሱ ፍርሃት ተሸንፎ፣ ስልኩን ትቶ ሌላውን ሁሉ ያነሣለታል። እንግዳ ሲመጣ ወጥቶ እጅ መንሣት ከከበደው «ተዉት» ይባላል፤ በክፍል ውስጥ ተነሥቶ መናገር ካስፈራው እናቱ መጥታ መምህሩን ትማጠናለች፤ ለቅሶ መድረስ፣ ዘመድ መጠየቅ፣ ውሃ መቅዳት፣ ታናሹን ማስጠናት፣ ይህ ሁሉ «እንዳይጨናነቅ» እየተባለ ይቀርለታል። እንዲህ እየቀረለት ሲሄድ ዓለሙ እየጠበበች ትመጣና፣ በመጨረሻ ከአልጋውና ከስልኩ በቀር የማይፈራው ነገር አይኖርም። እኔ ይህን በብዙ ተማሪዎቼ ላይ አይቻለሁ፤ በሸሹት መጠን የሚያድግ ፍርሃት እንጂ በሸሹት መጠን የሚጠፋ ፍርሃት አላየሁም።

የሲዳማ ሕዝብ የዘመን መለወጫ የሆነውንና በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ በማይዳሰስ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን የፊቼ ጨምበላላ በዓል ያየ ሰው፣ በመጀመሪያው ቀን ልጆች ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ጎረቤቱን ሁሉ እንኳን አደረሳችሁ ሲሉና በየደረሱበት ቤት ቡርሳሜ የተባለው ምግብ ሲቀርብላቸው ተመልክቶ፣ ልጅ የወላጆቹ ብቻ ሳይሆን የመንደሩ ሁሉ መሆኑን ይረዳል። በዚያው በዓል የጎሣ መሪዎች ለሕዝቡ የሚሰጡት ምክርም ተግታችሁ ሥሩ፣ ታላላቆችን አክብሩና ደግፉ፣ ከስንፍና፣ ከሐሰት ምስክርነትና ከስርቆት ራቁ የሚል ነው። የሚመግበውም የሚመክረውም ያው አንድ ሕዝብ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ እኛ የዛሬዎቹ ወላጆች ግን መመገቡን ይዘን መምከሩን ጥለነዋል።

በ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ «ልጆቻችንን አስጨነቀብን» እየተባለ የሚነሣውንም አቤቱታ አውቀዋለሁ። ፈተናው ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ እንዲሰጥ፣ ስልክም ከግቢው ውጭ እንዲቀር የተደረገው፣ ጥያቄው አስቀድሞ እየሾለከ፣ ሳያጠና የገባው ሲያጠና ካነጋው እኩል ሲቈጠር በመኖሩ ነው። ውጤቱ በጥር 2015 ዓ.ም. ሲነገር፣ ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት 30 ሺህ አልሞሉም፤ ይኸውም ከመቶ 3.3 ብቻ መሆኑ ነው። ያን ሰሞን በየቤቱ ልቅሶ ነበረ። ዳሩ ግን ያ መርዶ እውነት ነበር፤ ለብዙ ዓመታት በኩረጃ ተሸፍኖ የኖረውን ድካማችንን ገልጦ አሳይቶናልና። ልጁን ዛሬ ከዚህ እውነት ብናሸሸው፣ ነገ የራሱን ቤት ልምራ ባለ ጊዜ ያው እውነት ሳይዘጋጅ ያገኘዋል።

በታኅሣሥ 19 ቀን ገብርኤልን ለማንገሥ ከየአገሩ ወደ ከተማችን የሚጎርፈው ምእመን የሚዘክራቸው ሠለስቱ ደቂቅ፣ አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል፣ ወደ እቶነ እሳት የተጣሉ ብላቴኖች ነበሩ። መልአኩ እንዳይጣሉ አላደረገም፤ ከተጣሉ በኋላ እንዳይቃጠሉ አደረገ እንጂ። እኔም የምለምነው ለልጆቻችን በቤት የተወሰነ ሥራ እንዲሰጣቸው፣ በሰንበት ከሰው መካከል እንዲቆሙ፣ ስልኩም ቢያንስ ሌሊት ሌሊት ከእጃቸው እንዲወጣ ነው። የአውስትራሊያ ምክር ቤት እንኳ በኅዳር 2017 ዓ.ም. ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች የማኅበራዊ መገናኛ ገጽ እንዳይኖራቸው ሕግ ሲያወጣ፣ እኛ በገዛ ቤታችን አንድ ስልክ ለመሰብሰብ የምናፍርበት ምክንያት ምንድር ነው?

የነርሷ መልስ

ጋሼ፣ ስለ ስልኩና ስለ እንቅልፉ ያሉትን ሁሉ ሳልጨምር ሳልቀንስ እቀበላለሁ፤ ሙግቴ በሌላው ላይ ነው።

የተጨነቀ ልጅ ወደ ሐኪም ቤት ሲመጣ «ተጨንቄያለሁ» ብሎ አይመጣም። ሆዴን ቈረጠኝ፣ ራሴን ፈለጠኝ፣ ልቤ ይመታል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል ብሎ ይመጣል። ደሙና ሰገራው ይመረመራል፤ ታይፎይድ ነው፣ ጨጓራ ነው ይባልና መድኃኒት ይታዘዝለታል፤ ያ ሳይሽለው ሲቀር እናቱ ዓይነ ጥላ ይሆናል ብላ ሌላ ደጅ ትጠናለች፤ በዚህ ሁሉ መካከል ልጁን ለብቻው አስቀምጦ «ምን ያስፈራሃል?» ብሎ የሚጠይቀው አንድ ሰው ሳይገኝ ወራት ያልፋሉ። «ልጅና ፊት አይበርደውም» በሚል ብሂል ያደግን ሰዎች ስለሆንን፣ ልጅ ይበርደዋል ብለን ማሰብ ራሱ ያስቸግረናል። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ከ10 እስከ 19 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ከሰባቱ አንዱ የአእምሮ ጤና እክል እንደሚያገኘው ይናገራል፤ ይህም ስልሳ ተማሪ በተቀመጠበት ክፍል ስምንት ወይም ዘጠኝ ልጅ ማለት ነው። ጋሼ ባስተማሩባቸው ዓመታት ሁሉ እነዚያ ልጆች ከፊታቸው ተቀምጠው ነበር፤ ዝም ስላሉ ደኅና መስለው ታዩ።

እውነትን ገለጠ ስላሉት ፈተና ደግሞ እንነጋገር። በ2014 ዓ.ም. ለፈተና የቀረቡት ልጆች፣ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤት በኮቪድ ምክንያት ሲዘጋ የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች የነበሩ ናቸው። ለወራት ያለ መምህር ቆይተው፣ ሲመለሱም በተጣበበ ክፍል በፈረቃ ተምረው፣ ከዚያ በፊት ማንም ያልተመዘነበት ሚዛን ላይ ወጡ። ፈተናው የገለጠው እውነት ካለ፣ ከልጆቹ ስንፍና ይልቅ የእኛን የታላላቆቹን ጉድለት ነው፤ ዕዳው ግን በልጁ አንገት ላይ ብቻ ታሰረ። በተከታዩ ዓመት ያለፉት ከመቶ 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ነበሩ። እንግዲህ ከመቶው ዘጠና አምስት ያህሉ ልጅ በእነዚያ ዓመታት እንዳላለፈ ከጋዜጣ እያነበብን፣ ማታ ቤት ስንገባ «አንተ ካላለፍህ እኔ ሞቻለሁ» እንላለን። ልጁ ይህን ቃል እንደ ምክር አይሰማውም፤ የእናቱ ሕይወት በእጁ የተሰጠው ይመስለዋል እንጂ፤ በዚያም ልብ ወደ ፈተናው አዳራሽ ገብቶ የሚያውቀውን ሁሉ ይረሳል።

ከዚያ መንገድ ወዲያስ ምን ያያል? ዲግሪውን ይዞ ባጃጅ የሚነዳ ታላቅ ወንድም ያያል። ልጃገረዲቱ ደግሞ፣ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ከገጠር ከከተማ ብዙ ሴቶች ልጆችን ተስፋ ካስያዘው ከከተማችን ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ አሜሪካ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. የአጎዋን የቀረጥ ነጻ ዕድል ስታቋርጥ፣ አንድ ትልቅ የልብስ ኩባንያም ጥሎ ሲወጣ፣ ጎረቤቷ ከሥራ ወጥታ ስትመለስ አይታለች። የእነዚህ ልጆች ፍርሃት ከስልክ የመጣ ብቻ አይደለም፤ ዓይናቸው ያየውን በትክክል የተረዳ ፍርሃት ነው። ይህን ፍርሃት በተግሣጽ ማስወጣት አይቻልም።

ጋሼ «ሥራ ይሰጣቸው» ሲሉም፣ ያስታወሱት መረብ የሚጎትተውን ወንድ ልጅ ነው። እናቷ ዐረብ አገር ሄዳ፣ ከወፍ ጋር ተነሥታ ቁርስ ሠርታ፣ ታናናሾቿን አጥባ ትምህርት ቤት አድርሳ፣ የቀረውን ሰዓት ከዴስክ ላይ በእንቅልፍ የምትወድቀውን የ15 ዓመት ልጅስ ምን ሥራ እንጨምርላት? የእርሷ ጭንቀት ከሥራ ማጣት አልመጣም። የምትፈልገው ቀጥቅጦ የሚያጠነክራት ሳይሆን፣ አንድ ቀን «አንቺ ዛሬ ተኚ» የሚላት ሰው ነው።

ፍርሃትን መሸሽ ፍርሃትን ያሳድጋል ያሉት ግን እውነት ነው፤ በሙያችንም የምንማረው ይህንኑ ነው። ነገር ግን በሰው ፊት መናገር የሚፈራን ልጅ፣ ስልሳ ልጅ በሚስቅበት ክፍል ጎትቶ ማቆም ከዚያ ወዲያ አፉን ለዓመታት ያስዘጋዋል። እኛ የምናደርገው አስቀድሞ ለአንድ ጓደኛው እንዲያነብ፣ ሲለምድ ለሦስት፣ ከዚያም ለአንድ ረድፍ፣ በየእርምጃው እሺ እያሰኘን፣ አጠገቡም ሰው እየቆመ ነው። ይህ ጊዜ ይፈጃል፤ ትዕግሥትም ይጠይቃል፤ ቁጣ ግን አንድ ደቂቃ ብቻ ስለሚበቃው ብዙ ወላጅ ቁጣን ይመርጣል።

የታኅሣሥ ገብርኤልንም ነገር ጋሼ ጀምረው ከመካከሉ ተዉት። ንጉሡ ወደ እቶኑ ሲመለከት ያየው ሦስት ብላቴኖች ሲጸኑ ብቻ አይደለም፤ አራተኛ ከእነርሱ ጋር በእሳቱ መካከል ሲመላለስ ነው። መልአኩ ከደጅ ቆሞ «በርቱ» አላላቸውም።

የመምህሩ ምላሽ

ሲስተር ስለ ልጃገረዶቹ የተናገሩት ወቀሳ ደርሶኛል፤ ይገባኛልም። ይሁን እንጂ ከእርሱ የሚከተለው ሥራ ይቅር ማለት ሳይሆን፣ ሶፋ ላይ ተኝቶ ስልኩን የሚነካካው ወንድሟ ተነሥቶ ታናናሾቹን ይጠብ ማለት ነው፤ እርሱም እርሷም በዚሁ ይድናሉ።

የምፈራው ሌላ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ ሙያው ገና ልጅ ነው፤ ባለሙያውም ከሕዝቡ ብዛት ጋር ሲተያይ ጥቂት ነው። በወንዶ ገነትም በቦሪቻም የሚተክዘውን ልጅ ሁሉ ሐኪም አይደርስለትም። በዚህ ላይ የጉርምስናን ትካዜ ሁሉ የበሽታ ስም ከሰጠነው፣ ነገ ሊያልፍለት የሚችለው ልጅ ራሱን ሕሙም አድርጎ ቈጥሮ ይቀመጣል፤ የንስሐ አባቱም፣ አጎቱም፣ መምህሩም «ይህ የእኔ ሙያ አይደለም» እያሉ እጃቸውን ይሰበስባሉ። ልጁን ለባለሙያ አደራ ሰጥተን እኛ ከወላጅነት እንዳንገለል እሰጋለሁ።

የነርሷ የመጨረሻ ቃል

ጋሼ እንደሚሉት ትካዜ ሁሉ በሽታ አይደለም፤ ለፈተና ሳምንት እንቅልፍ ያጣ ልጅ ሐኪም አያሻውም፤ ትኩስ እራትና የሚያዳምጥ ሰው ይበቃዋል። ይህንንም አጎቱ፣ መምህሩ፣ የንስሐ አባቱ ሊያደርጉለት ይችላሉ፤ እንዲያውም ከእኛ በፊት እነርሱ እንዲደርሱለት እለምናለሁ፤ የምለምነውም ሳይቈጡ፣ የእነ እገሌን ልጅ ሳያነሡ፣ ልጁ ተናግሮ እስኪጨርስ እንዲሰሙት ብቻ ነው። ሕመሙ ግን ምልክት አለው። ልጁ ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍና ምግብ እንቢ ካለው፣ የሚወደውን ጨዋታና ጓደኛ ከተወ፣ ትምህርት ቤት በር ሲደርስ ትንፋሹ የሚቈረጥ ከሆነ፣ ያ ጠባይ አይደለም።

ጠበል የምትወስዱት ወላጆችም ውሰዱት፤ ማንም አይከለክላችሁም። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1990ዎቹ መጨረሻ የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በአደባባይ እንደተናገሩ አስታውሱና፣ ለአእምሮ ሕመምም የታዘዘውን መድኃኒት አታስጥሉት።

የ12ኛ ክፍል ልጅ ያላችሁ ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ሻንጣውን ይዞ ወደ መፈተኛው ዩኒቨርሲቲ ከመሄዱ በፊት፣ ያመጣውን ውጤት ይዞ የሚመለስበት ቤት እንዳለው በአፋችሁ ንገሩት፤ ያውቀዋል ብላችሁ አትለፉት። ውጤቱ በሚነገርበት ቀንም ከቤት አትጥፉ፣ ብቻውንም አትተዉት። ስለ መሞት ከተናገረ ደግሞ፣ ቀልዱንም ቢሆን፣ ቁጣውንም ቢሆን፣ ሳታመነቱ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ቤት ይዛችሁት ኑ።