ዓርብ የሚውለው እንቁጣጣሽ

መጪው እንቁጣጣሽ፣ መስከረም 1 ቀን 2019 ዓ.ም.፣ ዓርብ ይውላል። ቀን መቁጠሪያውን ቀድማችሁ ያያችሁ ይኼኔ ማሰብ ጀምራችኋል። ልደትና ጥምቀት ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውሉ ይበላባቸዋል፤ እንቁጣጣሽ ግን ይህ ዕድል የለውም። የሚጾም ሰው ዶሮውን ለቅዳሜ ያቆየዋል።

ነገሩ አዲስ አይደለም፤ በ2017ም ረቡዕ ነበር የዋለው። ያን ቀን እዚህ ፉሪ፣ እኛ ቤት፣ ሁለት ገበታ ቀረበ። ለልጆቹና ለማንጾመው ዶሮ ወጥ፣ ለእማዬ ደግሞ ሽሮና ጎመን። እማዬ ምንም አላለችም፤ እሷ መቼም አትልም። ግን ቄጠማውን የጎዘጎዘችው፣ ለዶሮው ሽንኩርቱን ስታቁላላ ያደረችው እሷ ነበረች። ምሳዋ ግን የማንኛውም ረቡዕ ምሳ ነበር።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነውና አንድ ነገር ልበል። «ይህ የሌለው፣ ያ የሌለው» ተብሎ በጎደለው ነገር ብቻ የሚተዋወቅ ዕቃ ገዢ አይስብም። የጾም በዓልን ገበታ የምናስበው ግን ልክ እንደዚያ ነው፦ ሥጋ የሌለው፣ ቅቤ የሌለው፣ እንቁላል የሌለው። ድፎ ዳቦ አለ ትሉኝ ይሆናል። አለ፤ ዳቦው ግን በየበዓሉ አለ። እኔ የምፈልገው በዚያ ቀን ጾመኛዋም ልጆቹም እኩል የሚሻሙበት አንድ ነገር ነው።

ያገኘሁት ከአይሁድ ማዕድ ነው፤ ኩገል ይባላል። የጎንደር ቤተ እስራኤላውያን ትዝ ብለዋችሁ ከሆነ፣ የእነርሱ አይደለም፤ እነርሱ ሰንበትን የሚያከብሩት እንደኛው በዳቦ ነው። ኩገል የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች ምግብ ነው። የተቀቀለ ፓስታ በእንቁላል ተያይዞ ይጋገርና እንደ ኬክ እየተቆረጠ ይቀርባል። በሕጋቸው ሥጋና ወተት አንድ ገበታ ላይ አይገናኙም። ስለዚህ ሻቩኦት በሚሉት በዓል፣ የወተት ምግብ መብላት ልማድ በሆነበት ቀን፣ ኩገሉን በአይብና በክሬም ይሠሩታል፤ ሥጋ በሚቀርብበት ቀን ደግሞ በዘይት ብቻ። ያለ ወተትና ያለ ቅቤ ማጣፈጥ የለመደ ማድ ቤት ለእኛ ብዙ የሚያውሰን አለው።

የሚቀረን እንቁላሉ ነው። እዚህ ላይ ተልባ ትድረስልን! አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በሦስት ማንኪያ ውኃ ተበጥብጦ ሩብ ሰዓት ሲቆይ ይለጠልጣል፤ አንድ እንቁላልን ይተካል።

ለአንድ ግማሽ ኪሎ ፓስታ ስድስት ማንኪያ ተልባ በዐሥራ ስምንት ማንኪያ ውኃ ያስፈልጋል። ተልባው ያረረ አይሁን፤ ይመራል። ፓስታው ጠፍጣፋና ረጅሙ ቢሆን ይመረጣል፣ ካጣችሁ ስፓጌቲ ሰባብሩ። ማሸጊያው ላይ እንቁላል ተጽፎ እንደሆነ ግን ሳታዩ አትግዙ። በጣም ሳይበስል አውጥታችሁ አጥልሉት። በትኩስነቱ አንድ የቡና ስኒ ዘይት፣ ሁለት ስኒ ስኳር፣ ሁለት ስኒ ዘቢብ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቀረፋ፣ ቆንጠር አድርጋችሁ ጨው፣ ተልጠው በስሱ የተከተፉ ሦስት ፖሞች ጨምሩበት። በመጨረሻ ተልባውን። ኢየሩሳሌም ውስጥ ስኳሩን አቅልጠው ቁንዶ በርበሬ የሚያበዙበት ዓይነትም አለ፤ እኔ ከእነርሱ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቁንዶ በርበሬ ተውሻለሁ፣ ከቀረፋው ጋር ይስማማል። ዘይት በተቀባ መጋገሪያ 180 ዲግሪ ላይ ሃምሳ ደቂቃ ያህል፣ ጠርዙ እስኪቀላና ኩርሽም እስኪል።

ኦቨን የሌላችሁ መጋገሪያውን ምጣድ ላይ አስቀምጡና አክንባሎ ድፉበት፤ እሳቱን ቀነስ አድርጉ። ከላይ አይቀላም፣ ቅርፊቱ ከታች ነው የሚወጣው፤ ስለዚህ ገልብጣችሁ አቅርቡት።

ትኩሱን ግን አትቁረጡ። ተልባ እንደ እንቁላል አጥብቆ አይዝም፤ ሲበርድ ነው የሚጸናው። ይህ ደግሞ ለኛ ሠፈር ሰው ጥቅም ነው። አይሁዶች በሰንበት እሳት ስለማያነዱ ኩገሉን ዓርብ አብስለው ለቅዳሜ ያደርሱታል። የበዓል ዋዜማ መብራት እንዴት እንደሚያደርገን ታውቃላችሁ፤ ሰው ሁሉ ምጣዱን ሲጥድ አምፖሉ እንደ ሻማ ይሆናል። ጳጉሜን 4 ወይም 5 ቀን ጠዋት ጋግራችሁ ብትገላገሉ ለእንቁጣጣሽ አይበላሽም።

ከእንጀራ ጋር ግን አታቅርቡት፣ ጣፋጭ ነው። ቦታው ቡናው ላይ ነው፤ አበባየሆሽ የሚሉት ልጆች ሲመጡም አንድ አንድ ቁራሽ ይደርሳቸዋል። የመጀመሪያው ቁራሽ የማን እንደሆነ እኛ ቤት ከወዲሁ ተወስኗል።

ለመስቀል ደግሞ መስከረም 17 እሑድ ስለሆነ በተልባው ፈንታ ስድስት እንቁላል ምቱበት፣ ግማሽ ኪሎ የኛኑ አይብ ጨምሩበት። ቁንዶ በርበሬውን ያኔ ተዉት።